ሰባት ቁራጭ ያለው ቃል

እሑድ 7/2/93 (በፈረንጅ)፣ ከሰዓት

አውቶቡስ ውስጥ አገጬን በመዳፌ ይዣለሁ። ከትምህርት ቤቱ፣ ከባርኔአ፣ እስከ ሰፈራችን ግቫት ጺዮን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ከቦርሳዋ ኪኒን አውጥታ ሰጠችኝ። ቶዳ፣ አመሰግናለሁ፣ ብዬ ተቀበልኩ። ምን ልበላት? ቃል እየቆጠርኩ ነው ብላት ሐዘኔታዋ ከጥርሴ ወደ ጭንቅላቴ ይወጣ ነበር።

ላንተ ግን ልንገርህ፣ ደብተር። ሞራ ሸርሊ፣ የእንግሊዝኛ መምህርታችን፣ ያመጡት ዘዴ ነው። መዳፍ ከአገጭ ሥር። ቃሉን ማለት። አገጭ ስንት ጊዜ እንደወረደ መቁጠር። ቴም-ፐ-ረ-ቸር፤ አራት። ኢን-ፎር-ሜ-ሽን፤ አራት። አን-ደር-ስታንድ፤ ሦስት። አገጭ አይዋሽም ይላሉ። ሃያ ሁለት ሴቶች አገጫችንን ይዘን ተደርድረን ስንቀመጥ ለቅሶ ቤት የገባን እንመስላለን።

ሞ. ሸ. (ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምጽፋቸው) አፍሪዳር የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ደቡብ አፍሪቃ የተወለዱ ነጭ። እኔም አፍሪቃዊት ነኝ ሲሉን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ግን አንቱ ናቸው። እናቴን የሚያክሉ ሴት አንቺ ብዬ አልጽፍም።

ለምን እንግሊዝኛ? ለነርስነት መሰናዶው ስለሚጠየቅ። ጎንደር ዘጠኝ ዓመት ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥቤ፣ መርፌ ወግቼ፣ ሴት አዋልጄ። ወረቀቴ እዚያው ቀረ። እዚህ የአዛውንቶች መኖሪያ ወለል እወለውላለሁ፤ የማውቀውን መድኃኒት ሌላ ሰው ሲያድል መወልወያዬን ተደግፌ አያለሁ። ይበቃል። አገጬ ደክሟል።

ማክሰኞ 9/2፣ ከትምህርት መልስ

ዛሬ መቀስ!

ሞ. ሸ. የኮርንፍሌክስ ካርቶን በጀርባው ረዣዥም ቃላት ጽፈው መጡ። መቀስ አደሉን። ቁረጡ አሉ። ግን እንደ እሑዱ በአገጭ አይደለም፤ በትርጉም። ራስ አለው፣ ወገብ አለው፣ ጅራት አለው።

መጀመሪያ ጠብ ተነሣ። ሆስፒታል የሚለውን ሁላችንም አምስት ቦታ ቆረጥነው፤ ሆ፣ ስ፣ ፒ፣ ታ፣ ል። በኛ ፊደል አምስት ነዋ! ሞ. ሸ. በአገጭ ሦስት ነው ቢሉ ማን ሊሰማ። አንዷ እኔ እዚያ ተኝቼ ወጥቻለሁ፣ አምስት ነው ብላ ድርቅ አለች። ሞ. ሸ. መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ ግን፣ ደብተር፣ ከዚያ። ካርዲዮ ልብ። ሎጂ ጥናት። ካርዲዮሎጂ። ይኼ ቃል ቤት ኾሊም፣ ሆስፒታሉ ውስጥ በር ላይ ተለጥፎ ሃያ ጊዜ አልፌዋለሁ። ግድግዳ ነበር። ዛሬ በር ሆነ። ደርማ ቆዳ፣ ኒውሮ ነርቭ። መጨረሻው አይቲስ ከሆነ መቆጣት፣ ኦማ ከሆነ እባጭ። ራሱን ከአንዱ፣ ጅራቱን ከሌላው አንሥተህ ስትገጥም ሰምተኸው የማታውቀውን ቃል ታውቀዋለህ። እውነቴን ነው።

ቁራጮቹ የጥንት ግሪኮች ናቸው አሉ። የተናገሯቸው ሰዎች አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው። ሰዎቹ አፈር ሆነው ቃላቸው እስከ ዛሬ በሽተኛ ያክማል። እንዴት ያለ ነገር ነው!

ቤት ገብቼ ጮክ ብዬ ሳነብ አባባ ከአልጋቸው ሆነው ያዳምጣሉ። አባባ ቄስ ናቸው። ኦሪትን በግዕዝ ለልጅ ሲያስነብቡ ነው ያደግሁት፤ ቃሉን በየነጠላው፣ ሳይቸኩሉ፣ ትንፋሽ የት እንደሚያርፍ እያሳዩ። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም። እንዲያም ሆኖ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። "እዚህ ላይ ዘለልሽ። መለስ በይና አረፍ በይበት።" መለስ አልኩ። ልክ ናቸው። አንድ ቁራጭ ውጬ ነበር።

ጆሯቸው እንዲህ ሆኖ መጽሐፉን ግን ከዘጉት አራት ዓመት። ጸሎት መሐል ከወደቁበት ቀን ወዲህ አልነኩትም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሐሙስ 11/2፣ ጠዋት

ሥራ ቀረሁ። አባባ ዛሬም ያ ነገር ያዛቸው።

በአንድ አፍታ ነው። ፊታቸው አመድ ይሆናል። ላብ በግንባራቸው ይንቆረቆራል። ልባቸው ከሸሚዛቸው ላይ ይታያል። ዓይናቸው ግን፣ ዓይናቸውን ማየት አልችልም። ሞት በሩ ላይ ቆሞ የሚያዩ ዓይነት ፍርሃት። ሩብ ሰዓት። ከዚያ ይለቃቸዋል፤ እንደ ታጠበ ጨርቅ ይተኛሉ።

አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ነው። ዛር ነው ይላሉ ዘመዶች፤ በቤታችን ግን ስሙ አይጠራም። ያ ነገር ነው የሚባል። እትዬ ዘውዴ፣ የአባባ እኅት፣ ከላይኛው ፎቅ ወርደው ውኃ ረጩ፣ ደገፏቸው፣ እኔን ገላመጡኝ። ያ ነገር መርፌ አይወድም፣ ቢላዋማ ጭራሽ፣ ልትገድሏቸው ነው አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሐኑካ ሰሞን ደረጃ ላይ ወድቀው አምቡላንስ ወሰዳቸው። ስንት ምርመራ። ሲወጡ ደብዳቤ፣ ካዱሪም የሚሉት ኪኒን፣ ለማርች 1 የኒቱዋኽ፣ የቀዶ ጥገና፣ ቀጠሮ። ዕብራይስጡ የሚቀናው ወንድሜ መለሰ ስለሆነ ከሐኪሙ ጋር የተነጋገረው እሱ ነው። ለኛ የነገረን፦ ኩላሊት አካባቢ ትንሽ ነገር አለች፣ ያወጧታል። በቃ። አባባ ለቀዶ ጥገናው እሺም እንቢም አላሉም። እግዜር ያውቃል ብቻ። አውቃቸዋለሁ፤ በዕለቱ ከአልጋቸው አይነሡም።

አንድ ነገር ላንተ ብቻ። ጎንደር ሳለሁ የመንደሩን ሰው ሁሉ የደም ግፊት ለክቻለሁ። የአባቴን አንድ ቀን እንኳ አልለካሁም። ያ ነገር መሣሪያ አይወድም ስለተባለ። ድሬሰሯ እኔ! አፈርኩ።

እሑድ 14/2፣ ከሰዓት

ደብዳቤውን አገኘሁት። ደብቆት አይደለም ለማለት፣ የመለሰ የፋብሪካ ካርዶች ሥር ነበር። ደብቆታል።

ሙሉው ዕብራይስጥ ነው፤ ግማሹ ገብቶኛል። መሐሉ ላይ ግን አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ብቻውን። ከመስመሩ እኩሌታውን ይዟል። ከዕብራይስጡ በተቃራኒ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

በሩን ዘጋሁ። መዳፌን ከአገጬ ሥር አደረግሁ።

ፊ-ኦ-ክሮ-ሞ-ሳይ-ቶ-ማ።

ሰባት። ሁለተኛ አልኩት፤ ሰባት። የአባቴ በሽታ ሰባት ጊዜ አገጭ ያወርዳል።

ካርቶን ላይ ገልብጬ በመቀስ ከጅራቱ ጀመርኩ። ኦማ፤ እባጭ። ካርሲኖማ የሚለውንም ተምረናል፤ ካንሰር፤ የሱም ጅራት ኦማ ነው። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ሳይት፤ ሕዋስ፤ ይኼን አውቃለሁ። ከፊት ያሉት ሁለቱ፣ ክሮሞና ፊኦ፣ አልተማርናቸውም።

አሁን የመለሰ ዝምታ ገባኝ። በኛ አገር መርዶ በአንዴ አይነገርም። ይቆራረጣል። መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ቀጥሎ ጸንቶበታል፣ ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በር ይንኳኳል። ወንድሜ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሰጥቶኝ ሌላውን ለራሱ አስቀርቷል።

ፈራሁ። ፈርቼም ግን ቃሉን ማየት አልተውኩም። አንድ ሰው የአባቴን ውስጥ መርምሮ ያየውን በሰባት ቁራጭ ጽፎታል። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ማክሰኞ 16/2

ለሞ. ሸ. ሙሉውን አላሳየሁም። ሁለቱን ቁራጭ ብቻ፣ እንደ ተራ ጥያቄ። አዩኝ፤ አልጠየቁኝም። ከክፍል በኋላ ቤታቸው ወሰዱኝና ጡብ የሚያክል መዝገበ ቃላት ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

ክሮሞ ቀለም ነው። ፊኦ ጠይም፣ ደብዘዝ ያለ ጥቁር። ጠይም ቀለም ያለው የሕዋስ እባጭ። ሐኪሞች በማጉያ መስታወት ሥር ሊያዩት ማቅለሚያ ሲያፈሱበት ይጠይማል፤ ስሙ ከዚያ መጣ።

ተቀመጥኩ። ይኸው ነው? ያን ሁሉ አፍ የሚሞላ ቃል፣ ሲፈታ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶ ጠይም ነው ያለበት ነው? ቁጣ የለበትም፣ እርግማን የለበትም፣ የሰው ስም የለበትም። እንዴት ያለ ንጹሕ ነገር! ለአፍ ሰባት ቁራጭ፣ ለልብ አራት። ደጋግሜ አልኩት። ሞ. ሸ. ሻይ አቀረቡልኝ።

ከዚያ አባቴ ነው አልኳቸው። እጄን ያዙ። ቃሉ ምን እንደሚመስል ይነግርሻል እንጂ ምን እንደሚያደርግ አይነግርሽም፣ እሱን ሐኪሙን ጠይቂ አሉ። በራስሽ አፍ፣ አሉ።

ሐሙስ 18/2፣ ከሰዓት

ሄድኩ። ብቻዬን። መለሰ አላወቀም።

ሮፌው፣ ሐኪሙ፣ ወጣት ነው። ሲጽፍ ቀና አላለም። የመጣሁበትን በዕብራይስጥ ጀመርኩ፣ ተንተባተብኩ፣ ተውኩት። ቃሉን አልኩት፤ ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወንበር ሳበልኝ።

ከኩላሊት በላይ የምትቀመጥ ትንሽ ዕጢ አለች። ሰው ሲደነግጥ የድንጋጤ ፈሳሽ ወደ ደም ትለቃለች፤ ጅብ ያየ ሰው እንዲሮጥ። የአባባ እባጭ እዚያ ላይ ናት፤ ጅብ ሳይኖር ትለቃለች። ላቡ፣ መገርጣቱ፣ የልብ ምቱ፣ ፍርሃቱ ራሱ። ሁሉም ከዚያች። የእንቁላል ያህል ብትሆን ነው። ብዙውን ጊዜ ክፉው ዓይነት አይደለችም፤ ወጥታ ሳትታይ ግን አልምልልሽም አለ።

አሥራ አምስት ዓመት በውኃና በዝምታ የተለማመጥነው ነገር እንቁላል ያህላል። ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ፤ ሁለቱንም ዋጥኩ።

ዋናው ካዱሪሙ ነው አለ። አባባ በካዱሪሙ ሳይዘጋጁ ቢላዋ ከነካት ያላትን ሁሉ በአንዴ ትለቃለች፤ ልብ አይችለውም። ግፊታቸው በየቀጠሮው እንደ ነበረ መሆኑ ገርሞታል። መጠኑን ሊጨምር ነው።

ልወጣ ስል ሌላ ጨመረ። አንዳንዴ ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። እኔና መለሰ የአንድ ቀን ሽንት አጠራቅመን እንድናመጣ ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አስታቀፈኝ። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ዘይት የት ነው የሚሸጠው ብሎ ጠየቀኝ።

መለሰ ከፋብሪካ ሲገባ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አየው። ቆመ። "ልቤ አልቻለም፣ ፈንቴ። ሮፌው ጊዱል ሲለኝ፣ እባጭ ሲለኝ፣ ዜሁ፣ በቃ፣ ሌላ አልሰማሁም። ያንቺ ኮርስ እስኪያልቅ ብዬ ነው።" ከሐኑካ ጀምሮ አባቱን በሆዱ ቀብሮ ለብቻው ሲያለቅስ ከርሟል። የሐኪሙን ነገርኩት። ትልቅ ሰው ነው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ስለ መውረሱም ነገርኩት። ለአባባ ይኼ አይነገርም ተባባልን።

እሑድ 21/2፣ ማለዳ

ትናንት ሰንበት ስለነበር አልጻፍኩም። የሆነውን ሁሉ ዛሬ።

ከጸሎት ሰዓት በኋላ ለአባባ ነገርኳቸው። እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኝ ስለነበር ዓርብ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰባቱን ቁራጭ በኛ ፊደል፣ በትልቁ፣ ለየብቻ ካርቶን ላይ ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር። ብርድ ልብሳቸው ላይ ደረደርኩላቸው። ምንድን ነው አሉ። የበሽታዎ ስም ነው አልኩ። ጣታቸውን በመጀመሪያው ላይ አድርገው አነበቡ። ፊ። ኦ። ክሮ። ኦሪት ሲያስነብቡ እንደነበረው ድምፅ፣ እያንዳንዱን አክብረው። አራት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ማ ላይ ሲደርሱ ሁለተኛ አነበቡት፤ አሁን ሳያርፉ።

ትርጉሙን ከጅራቱ ወደ ራሱ ነገርኳቸው። የዕጢዋን ሥራ፣ የጅቡን ነገር። ፍርሃቱም ከእሷ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ከእሷ ነው አልኩ። "ፍርሃቱም?" አሉ ደግመው። አዎ አባባ፣ ፍርሃቱም።

ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደው መሀረብ አወጡ። ፈቱት። ካዱሪሙ። ሁሉም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዷ እንኳ አልጎደለችም።

ሐኪሙን የገረመው ለካ ይኼ ነው። መጠኑን ይጨምራል፣ አባባ መሀረቡን ያሳብጣሉ። በማርች 1 በዚያ ሁኔታ ቢተኙለትስ? ተቆጣሁ፣ ደብተር፤ አባቴን ተቆጣሁ። መሞት ፈለጉ ወይ አልኳቸው።

የመለሱልኝን እንዳለ ልጻፈው። "ለእኔ አይደለም፣ ልጄ። ዛር ቤቱን ሲያፈርሱበት ሌላ ቤት ይፈልጋል። ከእኔ ቢያባርሩት ወዴት ይሄዳል? ወዳንቺ፣ ወደ መለሰ። እኔው ይዤው ብሞት ይሻላል ብዬ ነው።" መጽሐፉንም የተዉት ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተቀመጠበት እጅ ኦሪትን መንካት የለበትም ብለው። ሳይናገሩ። አሥራ አምስት ዓመት በኛና በያ ነገር መካከል ቆመው ኖረዋል፤ እኛ ፈሪ መስለውን።

ካዱሪሙን ይወስዳሉ ወይ አልኩ። ላስብበት አሉ። ካርቶኖቹን ግን አልመለሱልኝም።

ሰኞ 22/2፣ የሥራ ዕረፍት ላይ

መወልወያው ግድግዳ ተደግፏል፤ እኔም። በአሥር ደቂቃ ይኼን ልጨርስ።

እያሰቡ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ይኼ ያልሽው ዕጢ ከሆነ፣ ወደ እናንተ አይሄድማ? እኔ ጫማዬን እያሰርኩ አውቶቡስ አመለጠኝ ብዬ ወጣሁ። ሸሸሁ።

አይሄድም ብላቸው ዛሬውኑ ይወስዳሉ። አንዲት ቃል ናት። መለሰ በያት አለ፤ የሰው ነፍስ ነው፣ ምን ችግር አለው? እትዬ ዘውዴም ቢሰሙ በያት ይላሉ። አገሩ ሁሉ በያት ይላል።

አንዳንዴ ይሄዳል ብላቸው ግን መሀረቡን መልሰው ይቋጥሩታል። የፈሩት እውነት ሆነ ማለት ነው። የሚገርመኝም ይኼ ነው፦ ፊደል ብቻ የቆጠሩት አባቴና ያን ያህል የተማረው ሐኪም በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ነገር ላይ ደርሰዋል። ይወረሳል። ስሙን አንዱ ዛር አለው፣ አንዱ ጠይም ሕዋስ። አባባ ያላወቁት ማባረሪያ እንዳለው ብቻ ነው።

ቁራጩን አስቀርቼ ብነግራቸው መለሰ እኔን እንዳደረገኝ አደረግኋቸው ማለት ነው። ባልነግራቸውና ቆይተው እነዚያን የፕላስቲክ ዕቃዎች ቢያዩ ከዚያ ወዲያ ቃሌን አያምኑም። ከመካከሉ አንዱን ብዘል ደግሞ ጆሯቸው ይይዘኛል።

ተጠራሁ። ሁለተኛው ፎቅ ውኃ ፈሷል። ወስኛለሁ። ነገ ጠዋት ሙሉውን።

ማክሰኞ 23/2፣ ጠዋት

ነገርኳቸው።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መለሰ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ቀልቷል፤ በዓይኑ ተይ ይለኛል። ሁለቱን የፕላስቲክ ዕቃ አምጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የመለሰ ነው አልኩ። አንዳንዴ ወደ ልጅ ይሄዳል አባባ፣ ሁልጊዜ አይደለም፤ መኖሩንና አለመኖሩን በዚህ ያዩልናል፤ ካለም ያወጡታል። ምንም አላስቀረሁም።

ዕቃዎቹን አዩ። መለሰን አዩት። እኔን። ፊታቸው ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። በልቤ፣ አለቀ፣ ገደልኳቸው አልኩ።

ካወጡት ወዴት ይሄዳል ብለው ጠየቁ። ዕቃ ውስጥ አልኩ፤ ሐኪሙ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ሌላ ቤት አይፈልግም? አይፈልግም፣ አባባ። እግር የለውም።

መሀረቡን ፈትተው አንዷን ካዱር በሁለት ጣት አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟት። ይቆዩ አልኩ። መጠኑ ተጨምሯል፣ ከየትኛው እንደሚጀመር ሮፌው ይንገረን፣ ቀጠሮውም ይገፋ፤ አሁኑኑ ሦስታችንም እንሂድ። አለመዋጣቸውን ማን ይነግረዋል አለ መለሰ፤ አፍሮ። "እኔ" አሉ አባባ። "አንተ በዕብራይስጥ እንዳለ አድርስልኝ። ምንም እንዳታስቀርብኝ።"

ከዚያ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፉት።

"ይወረሳል ካልሽኝ፣ እንግዲያው እኔ ልቅደም። ወንዙ ጥልቅ መሆኑንና አለመሆኑን አባት ገብቶ ነው ለልጁ የሚያሳየው። ጫማዬን አምጪ።"

ደብተር፣ መለሰ ታክሲ ጠርቷል። አባባ ደረጃው ላይ ናቸው፤ ሰባቱን ቁራጭ እየቆጠሩ ይወርዳሉ፤ ልዝጋህና ከኋላቸው ልሂድ።